ፍርሃት ባለሐቅ አይደለም

 

ብዙዎቻችሁ አሁን ፋይናል ላይ ናችሁ። ይህን የምታነቡት ላይብረሪ ውስጥ ደብተራችሁ ተከፍቶ፣ ወይም ዶርም ውስጥ ሌሎች ተኝተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳላንዛዛ ከራሴ ልጀምር።

የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። ሀገሬ ወሎ ነው። አባቴ ገበያ ላይ እህል ይሸጣሉ፤ ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በር እንዲህ በጠበበበት ሀገር የገባ ልጅ ለቤተሰቡ ተማሪ ብቻ አይደለም። ተስፋ ነው። አንዳንዴም ሳይጠየቅ ዋስ ይሆናል።

በዚያ ሴሚስተር እህቴ "በቃኝ፣ ልምጣ" አለች። አምስት ዓመት ሠርታ ነበር። አባቴ ደግሞ "ትንሽ ታገሺ፤ ወንድምሽ ይመረቅና ትመጫለሽ" አሏት። እናቴ ከልጇ ጋር ቆመች። በዚህ ምክንያት ሁለቱ አንድ ማዕድ ቀርበው የማይነጋገሩበት ደረጃ ደረሱ። እናቴ በየማታው ትደውላለች፤ እህቴ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች። የእኔ መልስ ግን አንድ ነበር፦ "ፈተና ላይ ነኝ።"

ውሸቴን አልነበረም። ልቤም የሚለው ይህንኑ ነበር። "የእህቴ ላብ በእኔ ላይ ነው፤ የምከፍላት በኤ ብቻ ነው" እል ነበር። ስለዚህ ከእንቅልፌ ቆረጥኩ። ካፌ ሰልፍ ላይ የሚባክነው ደቂቃ አሳዘነኝና ምሳ መዝለል ጀመርኩ። ቡናው አልበቃ ሲል ጓደኞቼ "ለጥናት ያነቃል" ያሉትን ጫት ያዝኩ። ሦስት ሌሊት እንዲህ አለፈ። ሱብሒን ፀሐይ ከወጣ በኋላ እየሰገድኩ፣ "ከፈተናው በኋላ አስተካክላለሁ" እል ነበር።

የኮስት አካውንቲንግ ፈተና ቀን ወረቀቱ ፊቴ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሦስት ጊዜ ካነበብኩት ምዕራፍ የወጣ ነበር። ገጹ ይታየኛል፤ ቢጫ ያሰመርኩበት መስመር ይታየኛል፤ ጽሑፉ ግን የለም። እጄ ይንቀጠቀጣል። እንደምንም ጨርሼ ስወጣ ራሴን አዞረኝና ልጆቹ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ነርሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፦ "ትናንት ምን በላህ?" ማስታወስ አቃተኝ።

ማታ ተኝቼ የእህቴን መልእክቶች ከፈትኩ። ያልሰማኋቸው አራት ነበሩ። በመጨረሻው ድምጿ ደክሟል። እንዲህ ነበር ያለችው፦ "ወንድሜ፣ ኤ አምጣልኝ ብዬህ አላውቅም። እኔ የፈለግኩት ለአባባ አንድ ቃል የሚናገርልኝ ሰው ነው። አንተን ይሰሙሃል። እሱን ነው የጠበቅኩት።"

ሱብሃነላህ! ያልጠየቀችኝን ዕዳ ልከፍል ስል የጠየቀችኝን ነፍጌያት ነበር።

እህት ወንድሞቼ፣ የሰልማንንና የአቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በቡኻሪ የተዘገበ ነው። እኔ ግን በሚገባ የሰማሁት ከዚያ ማታ በኋላ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ የአቡ ደርዳእን ባለቤት ራሷን ጥላ፣ ለአለባበሷ ግድ ሳይኖራት አገኛት። ምን እንደሆነች ሲጠይቃት፣ ወንድሙ ለዱንያ ጉዳይ እንደሌለው ነገረችው። አቡ ደርዳእ ምግብ አቀረበለት፤ እሱ ግን ጾመኛ ነበር። ሰልማን አብሮት ካልበላ እንደማይበላ ነገረውና በላ። ሌሊት አቡ ደርዳእ ለሶላት ሊነሳ ሲል ሰልማን እንዲተኛ ነገረው። ደግሞ ሲነሳ ደግሞ አስተኛው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲሆን ራሱ ቀሰቀሰውና አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው በሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸውና ለእያንዳንዱ ባለሐቅ ሐቁን እንዲሰጥ አስገነዘበው። ነገሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ የሰልማንን ንግግር እውነት ነው አሉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሰልማን ችግሩን ያወቀው አቡ ደርዳእን አይቶ አይደለም። ባለቤቱን አይቶ ነው። ቸልተኝነታችን መጀመሪያ የሚታየው በእኛ ላይ ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ ነው። እኔ ራሴን ጎበዝ ተማሪ ነኝ ብዬ ሳስብ የእናቴ ድምፅ ስልክ ላይ እየቀጠነ ነበር። "እንዴት ነህ" ብላ ከመጠየቋ በፊት "ይቅርታ፣ አልረበሽኩህም?" ማለት ጀምራ ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ሁለተኛ፣ አቡ ደርዳእ የተጠመደው በክፉ ነገር አይደለም፤ በጾምና በሶላት ነው። የሌላን ሐቅ የሚበላው ሁልጊዜ ሐራም ነገር አይደለም። መልካም ነገርም ልኩን ሲያልፍ ይበላል። ሱና ጾምና የሌሊት ሶላት ልክ ካስፈለጋቸው፣ የኮስት አካውንቲንግ ፈተናማ ልክ እንዴት አያስፈልገው?

ሦስተኛ፣ ሰልማን ወንድሙን "ተወው" አላለውም። አስቀድሞ አስተኛው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ቀሰቀሰው። የሌሊቱ ሶላት አልቀረም፤ ቦታውን አገኘ።

እኛ ሚዛን ስንል ብዙ ጊዜ 24 ሰዓትን ለአራት መክፈል ይመስለናል፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለቤተሰብ ይህን ያህል። በፈተና ሰሞን ይህ አይሆንም፤ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ራሳችንን እንወቅሳለን። የሰልማን ምክር ግን እኩል አካፍል አይልም። ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሰዓት ልስጠው?" አይደለም። "ይህ ባለሐቅ በእውነት የሚጠይቀኝ ምንድን ነው?" ነው።

እስቲ እንጠይቃቸው። ሰውነት የሚጠይቀው ምግብና ሰባት ሰዓት ገደማ እንቅልፍ ነው። ያነበብነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ስለሆነ ይህ እንቅልፍ የጥናቱም አካል ነው። እኔ ሦስት ሌሊት ያፈሰስኩት ውሃ በወንፊት ነበር። እናት የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው፤ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑ ስላይድ ላይ ያለ ልጅ አይደለም የምትፈልገው። አላህ (ሱ.ወ.) ግዴታ ያደረገብን አምስት ወቅት ሶላት ነው። ትምህርቱ ራሱ የሚጠይቀው ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው እንጂ በመጨረሻው ሳምንት ነፍስን አይደለም።

እነዚህን ደምሯቸው። ይከብዳሉ፤ ግን አይገድሉም። ታዲያ የሚገድለን ምንድን ነው? ፍርሃት ነው። ፍርሃት "ብወድቅስ? አባቴ ምን ይሉ? የሰፈሩ ሰው ምን ይላል?" ይላል። ሐቅ ሲከፈል ይረካል፤ ፍርሃት ግን በከፈላችሁት ቁጥር ይጨምራል። እኔ የእህቴን ሐቅ እየከፈልኩ መስሎኝ ስከፍል የነበረው ለፍርሃቴ ነበር። ፍርሃት ደግሞ ባለሐቅ አይደለም።

ፍርሃቱን በቁጥርም እንመልከተው። 90 ክሬዲት ለደረሰ ተማሪ በአንድ የሦስት ክሬዲት ኮርስ በኤ ፈንታ ቢ ቢመጣ፣ ከጠቅላላ ውጤቱ የሚቀንሰው 0.03 ገደማ ነው። እኔ ሱብሒዬን፣ ሆዴንና የእህቴን ድምፅ የለወጥኩት በዚህ ቁጥር ነበር። እርግጥ 2.00 ጫፍ ላይ የቆመ ተማሪ ይህ ቁጥር ቀልድ አይሆንለትም፤ አውቃለሁ። ግን ለሱም መድኃኒቱ ሳይተኙ ማንጋት አይደለም። መምህሩን ማናገር፣ ከሚያውቅ ልጅ ጋር መቀመጥ፣ አስፈላጊ ከሆነም ኮርሱን መድገም ነው። እነዚህን የማናደርገው ስለማንችል ሳይሆን ሰው እንዳያውቅብን ስለምንፈራ ነው።

"ሐቆች በእውነት ሲጋጩስ?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይጋጫሉ። የፈተና ቀን አባት ሆስፒታል ይገባል። ራሱን የሚያስተምር ልጅ ሥራ ካልሠራ አይበላም። ያኔ የትኛው እንደሚተካ ጠይቁ። ፈተና ሜካፕ አለው፤ ሴሚስተርም ዊዝድሮው ተሞልቶ ይቆያል። የተጎዳ ጤና ግን ሁልጊዜ አይመለስም፤ ያመለጠ ወላጅም አይመለስም። አላህ ረመዷንን የሚያህል ፋርድ ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲተኩት ፈቅዷል። ጌታችን ለታመመ ሰው ሩክን ካቀለለ፣ እኛ በራሳችን ላይ ሚድ ኤግዛም ማክበዳችን ምን ይባላል?

በሌላ በኩል ይህን ለስንፍና መጋረጃ አናድርገው። ሴሚስተሩን በቲክቶክና በጨዋታ አሳልፎ በፋይናል ሳምንት "የቤተሰብ ጭንቀት አለብኝ" የሚል ሰው የነፍሱን ሐቅ እየሰጠ አይደለም። ያ የትምህርት ወንበርም አማና ነው፤ ላንተ ሲባል ሳይገባ የቀረ ሌላ ልጅ አለ።

ቤተሰብም ከሐቁ በላይ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። እናትና አባት ሲጣሉ ልጅን ቃዲ ያደርጉታል። እያንዳንዳቸው ይደውሉና ፍርድ ይጠብቃሉ። የወላጅ ሐቅ ትልቅ ነው፤ በነሱ ላይ ድምፅ ማንሳት፣ መሰላቸት ማሳየት አይገባም። ግን በወላጆች መካከል መፍረድ የልጅ ግዴታ አይደለም። "እማ፣ ሰማሁሽ። ሐሙስ ፈተናዬን ስጨርስ ቁጭ ብለን እናወራለን" ማለት አለመታዘዝ አይደለም። አለመታዘዝ የሚሆነው ሐሙስ መጥቶ ሳትደውሉ ስትቀሩ ነው።

እኔም ሲሻለኝ መጀመሪያ ለእህቴ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ቀጥሎ አባቴ ጋ ደወልኩ። እጄ ከፈተናው ቀን በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። "አባባ፣ የእኔ መመረቅ በሷ ጉልበት ላይ ከተንጠለጠለ እኔም አይረጋልኝም። ትምጣ። የጎደለውን በትርፍ ሰዓቴ እያስጠናሁ እሞክራለሁ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "እሺ፣ እናስብበታለን" ብለው ዘጉት። ነገሩ በአንድ ስልክ አልተፈታም፤ ወራት ፈጀ። እህቴ የመጣችው ዒድ አልፎ ነው። አባቴ ዛሬም አንዳንዴ "ትንሽ ብትቆይ ኖሮ" ይላሉ። ግን እሷ ስትገባ በር ላይ ቆመው የጠበቋት እሳቸው ነበሩ። አልሐምዱሊላህ።

የኮስት አካውንቲንጉ ውጤት? ቢ ነው። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ያለችበት ቀን ነው፤ ብዙ ዑለሞች ከዐስር በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ይላሉ። ከዚያች ሰዓት በፊት አንድ ወረቀት ያዙና ሐቅ ያላቸውን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በእውነት የሚጠይቃችሁን አንድ ነገር ጻፉ። ካላወቃችሁት ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኔ አራት መልእክት ሳልሰማ የቀረሁት ባለመጠየቄ ነው። ፍርሃት የጻፈው ካለ ሰርዙት። ከዚያ እጃችሁን አንሱ፤ ውጤቱን ለባለቤቱ ስጡ።

ዶርማችሁ ውስጥም ሦስት ቀን ያልተኛ፣ ምሳ የማይበላ፣ ስልኩ ሲጠራ የሚገለብጥ ልጅ ካለ ሰልማን ሁኑለት። ምክር ብቻ አትስጡት። ምግብ ይዛችሁ ሂዱና "አብረኸኝ ካልበላህ አልበላም" በሉት። አስተኙት፤ ለሱብሒም ቀስቅሱት።

ያ አላህ፣ የምንችለውን እንድንሠራ ጉልበት ስጠን፤ የማንችለውን እንድንተውልህ ልብ ስጠን። በፈተና ላይ ላሉት አግራላቸው፤ የታመሙትን አሽራቸው፤ የተጣሉ ወላጆችን ልብ አስማማ፤ በስደት ላይ ያሉ እህቶቻችንን በሰላም መልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።