«ያላሰብኩት ደረሰ»

«ያላሰብኩት ደረሰ» የሚል ሰው በደለኛ ነው ወይስ ዕድለ ቢስ? ጥያቄው የቆየ ነው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር 5ኛ መጽሐፍ ሦስት ነገር ይለያል፤ ሊጠበቅ የማይችል ጉዳት መጥፎ ዕድል ነው፤ ሊጠበቅ የሚችለው ያለ ክፋት ሲደርስ ስሕተት ነው፤ ታውቆ ሲደረግ ግን በደል ነው።

እስቲ ክርክሩን ከደመና እናውርደውና አሶሳ ላይ እንትከለው። ሞራ ሁለት ዓይናቸውን ጋርዶባቸው፣ በልጃቸው እየተመሩ ከመንጌ የመጡ አንድ ሽማግሌ እናስብ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ሥውር ሆኖ ሲገኝ፣ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ይኸው ሞራ ነበር። ፈውሱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ሽማግሌው አይተኙም፤ የሚደነዝዘው ዓይናቸው ነው፣ ጆሯቸው ንቁ ነው። ሐኪሙ ሞራውን አውጥቶ በቀረው ስስ ከረጢት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተክላል። የከረጢቱ የጀርባ ግድግዳ መካከሉ ላይ የሚሊሜትር መቶኛ እንኳ አይወፍርም። ድንገት ቢቀደድስ? ከኋላው ያለው፣ እንቁላል ነጭ የመሰለው ዝልግልግ ወደ ፊት ያፈተልካል። መጎተት ክልክል ነው፤ ሬቲናውን ይዞት ሊመጣ ይችላላ! ቆም ማለት፣ ያፈተለከውን ቆርጦ ማጽዳት፣ ሌንሱን የሚሸከም ሽፋን ተርፎ እንደሆነ ማየት፣ ካልተረፈም ለሌላ ቀን ማቆየት ነው የሚሻለው።

ታዲያ ይህ «ያልታሰበ» ነው? በእንግሊዝ አገር ከ55 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምና ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ዘገባ ከመቶ 2 ያህሉ ላይ ደርሷል። በየትኛው ዓይን እንደሚደርስ አይታወቅም እንጂ መድረሱስ የታወቀ ነው። ስለዚህ መቀደዱ ቢበዛ ስሕተት ነው፤ እጅ የሰው እጅ ነውና። እያወቁ መቁረጫውን ሳያዘጋጁ መጀመር ግን በደል ነው። ለአዲስ አበባ ሰው «ሌላ ሆስፒታል ሂድ» ማለት የታክሲ ጉዳይ ነው፤ ለመንጌው ሽማግሌ ግን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድና የሚሸጥ ፍየል ነው። ለሩቅ ሰው የበለጠ ዝግጅት ይገባዋል እንጂ ያነሰ አይገባውም።

ጓደኞቼ ይከራከሩኛል፤ «ሁሉ ነገር እስኪሟላ ቢጠበቅ ስንቱ ታውሮ ይሞታል?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ መልስ አጥቼ ያደርኩበት ቀን አለ። ዳሩ ግን ለብዙዎች ብርሃን ሲባል የጥቂቶችን ዓይን ለአደጋ የምናጋልጠው እኛ ነን፤ ስለዚህ ዕዳ አለብን።

የዕዳው መጀመሪያ መናገር ነው። ሐኪሙ ጸጥ ሲል ሽማግሌው ጸጥታውን ይሰማሉ። በርታኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ «አይንቀሳቀሱ» የሚለው አማርኛ እንኳ አይገባቸውም። «አባባ፣ ትንሽ ችግር ገጥሞናል፣ እያስተካከልነው ነው» የሚል ቃል በቋንቋቸው ሊደርሳቸው ይገባል። ኋላም እውነቱ ይነገራቸው፤ ብልጭታ ወይም ጥቁር መጋረጃ ቢያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ። ካልተነገራቸው «የአላህ ፈቃድ ነው» ብለው አገራቸው ይገባሉ፤ የኛ ስሕተት በፈጣሪ ይመካኛል፣ ሁለተኛው ዓይናቸውም ሳይታከም ይቀራል።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ መፍሰሱን መናገር ግን ይቻላል። በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይምጣብኝ።