ሳይስቅ የቀረውን እየው

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ይዘህልኝ የመጣኸውን ደብተር ሌሊቱን አንብቤ ጨረስኩት። ሦስት ጽሑፍ አለበት። አንዱ ለወረዳ የሚገባ የድልድይ ማመልከቻ ነው፣ አንዱ በአጎትህ አርባ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፣ ሦስተኛው የገበያ ቀን ወግ። በየገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ቀልድ ላስገባ?» ብለህ ጽፈሃል። ጥያቄህ አስደስቶኛል፤ ሳይጠይቅ የሚያስገባው ይበዛልና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልያዝልህ።

አገርህ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸውን ሰምቶ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣባቸው የቅኔ ቤቶች ናቸው። እኔም በልጅነቴ ጥቂት ቅኔ ቆጥሬአለሁ። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ስለ አንድ ስስታም ባለጸጋ ተቀኘ፤ የገባለትን እህል የማያወጣ፣ ጎተራው አፍ እንጂ እጅ የሌለው ሰው ነው ብሎ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ብቻ አልሳቁም። ሳቁ እስኪያባራ ጠብቀው «ሰሙን ሰማነው፤ ወርቁስ?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። ወርቅ አልነበረውም፤ ሁሉም ሰም ነበር።

በነጋታው ያንኑ ቅኔ አሻሽሎ አመጣው። ስስታሙ ባለጸጋ ያው ነው፣ ጎተራውም ያው ነው። ሰሙን ስታቀልጠው ግን ባለጸጋው መቃብር ሆኖ ይገኛል፤ የገባለትን የማያወጣ እሱ ነዋ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። የኔታ ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያሉት። እኔ ስለ ቀልድ የማውቀው ትልቁ ነገር ያ ነው፤ ሳቁ ከነገሩ ከራሱ ይወጣል እንጂ ከውጭ መጥቶ አይደፋበትም።

አሁን ወደ አጎትህ እንምጣ። አረቄ እንደሚወዱና አንድ ሌሊት በሰው በረት እንዳደሩ ጽፈሃል። ሰው እንዲስቅልህ ነው፤ ይስቅልሃልም። ግን ልጆቻቸው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እነሱ ሲስቁ ይታይሃል? በሰካራም ላይ መቀለድ ቀላል ነው። የደብረ ማርቆሱ ተመስገን ገብሬ በ1941 ዓ.ም. «የጉለሌው ሰካራም»ን ሲያሳትም ባለታሪኩን ተበጀን ሰካራም አድርጎ አቀረበልን፤ ሳቅንም። መጽሐፉን ስንዘጋው ግን ሐዘኔታው ነው ይዞን የሚቀረው። እንዲያ መጻፍ ከቻልክ ጻፍ። በአርባ ቀን፣ በሁለት ገጽ ግን አትችለውም፤ እኔም አልችለውም። ስለዚህ በረቱን አውጣው።

በምትኩ አንድ የረሳኸውን ነገር ላስታውስህ። አንተ «በዕድር ስብሰባ ሁልጊዜ ይገኙ ነበር» ብለህ አልፈኸዋል። እንዴት ይገኙ እንደነበር አገር ያውቃል። የዕድሩን አግዳሚ ወንበር አያምኑትም ነበርና የራሳቸውን ዱካ በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። ያቺ ባለ ሦስት እግር፣ አንደኛው እግሯ በጠፍር የታሰረ። አንተም ሕፃን ሳለህ ተቀምጠህባት ወድቀሃል። እንግዲህ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ለስብሰባ ሁሉ ዱካቸውን ይዘው የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ ዘንድሮ ግን ዱካቸውን ትተውልን ሄዱ።» መጀመሪያ የሚስቁት የዕድሩ ሰዎች ናቸው፣ ዱካዋን ያውቋታልና። ከዚያ ሁለተኛው ዱካ፣ የሄደ ሰው የሚተወው ዱካ፣ ይደርሳቸዋል። ልጆቻቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ሲያለቅሱም በደስታ ነው። ይህን ቀልድ እኔ አልፈጠርኩትም። አማርኛው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ አጎትህም ዕድሜ ልካቸውን በብብታቸው ይዘውት ዞረዋል። የአንተ ሥራ ማየት ብቻ ነው።

ማመልከቻው ላይ ግን አልስማማህም። «የወረዳው መኪና ልትጎበኘን መጥታ በአህያ ተጎትታ ወጣች» የሚለውን ሳነብ እኔም ብቻዬን ስቄአለሁ፤ እውነት ነው፣ ውብም ነው። ነገር ግን ማመልከቻ የሚያነበው ሰው ማኅተም በእጁ ይዟል። ያ ሰው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ራሱ ቢሆንስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብሃል፤ ሳቁን ታገኛለህ፣ ድልድዩ ይቀራል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፎ በአውሬ አፍ ሹማምንትን ሲሸነቁጥ ቴአትሩ ታገደ። እሱ ግን የራሱን ስምና የራሱን ወንበር አስይዞ ነው የቀለደው፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። አንተ ያስያዝከው የአርባ ገበሬ ፊርማ ነው። የራስን አስይዞ መቀለድና የሰውን አስይዞ መቀለድ ለየቅል ናቸው። በዚህ ወረቀት ላይ ስንት አባወራ እንዳለ፣ በሰኔና በመስከረም ስንት ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ፣ ወላድ በምን እንደምትሻገር ጻፍ። የአህያዋን ነገር ለወግህ አቆየው።

ማስታወቂያ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እህትህ በጤና ኬላው በር ላይ ስለ መጸዳጃ ቤት የምትለጥፈው ወረቀት ማንም አያነበውም ብላ ነግራኛለች። በላዩ «ዝንብ እግሯን ታጥባ አትገባም» ብለሽ ጻፊበት በላት። ልጆች ቤት ድረስ ይዘውት ይገባሉ።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ልጅ ሱሪው በማዳበሪያ ጆንያ ተጥፎ መጣ፤ የጆንያው ጽሑፍ ከኋላው ይነበባል። አራት ስንኝ ጻፍኩበት። ስሙን አልጠራሁም፤ መጥራትም አላስፈለገኝም። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ግድግዳው ሥር ተሰብስቦ ሳቀ። እሱም መጥቶ አነበበና ሳቀ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ። ሰኞ ከትምህርት ቀረ፤ ማክሰኞም ቀረ፤ በዚያው ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቡሬ ገበያ በርበሬ ልገዛ ቆሜ የሚመዝነው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ነበር። ሚዛኑን ሳያወርድ አራቱን ስንኝ አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ ደገመልኝ። እኔ ሁለቱን ረስቼአቸው ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው «ኧረ ምንም አይደል፤ ያኔ እኔም ስቄ ነበር እኮ» አለኝና በርበሬውን መዝኖ ሲያበቃ ምርቃት ጨመረልኝ። ያን በርበሬ ወደ ቤት ይዤ ስመለስ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጥርስ ደግሞ ባዳ ነው። ሳይስቅ የቀረውን ሰው እየው የምልህ ለዚህ ነው። ስትፈልገው ጥርስ አትመልከት፤ አንዳንዱ የሚስቀው ማልቀሻ ስላጣ ነው።

በአፍ የተቀለደ ቀልድ ከጠላው ጋር ያልቃል። የተጻፈ ግን አያልቅም። እዚህ ግሽ፣ ምንጩ ዳር፣ አባቶች የሚተርኩትን ታውቃለህ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ «መልስ» ሲሉት፣ ሳይርሱ፣ እንዲያውም አቧራቸው እየቦነነ ተቀበሉት ይባላል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር አራቱ ስንኞቼ ትዝ ይሉኛል። እነሱም አልራሱም።

ስለ ወግህ ብዙ የምልህ የለኝም፤ ጥሩ ነው። ግን በአንድ ገጽ ዘጠኝ ቀልድ ቆጠርኩ። ማርም ሲበዛ ይመራል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው፣ ከአምስት የሚበልጡት ማደሪያ የሌላቸው ግንዶች ናቸው፤ ከሌላ ሰምተህ ደስ ስላሉህ ብቻ ተሸክመሃቸው የመጣህ። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ አስበው። አህዮቿን እየነዳች ለምትሄድ ሴት «እንደምን አደራችሁ» አሏት ይባላል፤ እሷም ነገሩ የገባት ካለፉ በኋላ ነው። ቀልዱ ያለው በ«ችሁ» ላይ ብቻ ነው። አንድ ቃል እንኳ አልጨመሩም። ደግሞም እሳቸው የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች አብረው ይተረኩላቸዋል፤ ሕዝቡ የወደዳቸው ለዚህም ይመስለኛል። ጳውሎስ ኞኞም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አምድ ላይ ለጠያቂ ሲመልስ ብዙ ጊዜ የሚበቃው አጭር መልስ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁን ደግሞ የሚሳቅበትን ሰው እያየህ እንደገና አንብባቸው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስንስቅ የምንስቀው በማን ላይ ነው? በፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ላይ ነው። ፈረስ ላይ ወጥተው፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎላቸው ሳለ እኛ በልባችን እንስቅባቸዋለን። ጉዱ ካሣ እውነቱን የሚናገረው እብድ ተብሎ ነው፤ የሚስቁበት ሰዎች ናቸው በኋላ የሚያፍሩት። ሐዲስ ሳቁን ወደ ላይ ነው የወረወሩት። ሽቅብ የተወረወረ ሳቅ የሚያርፈው በሚችለው ሰው ጫንቃ ላይ ነው።

ከአንተም ሰፈር ሩቅ አትሂድ። ደራሲው በዕውቀቱ ስዩም የተወለደው ማንኩሳ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ አውቶቡስህ የሚቆምባት ማንኩሳ። እሱን ሳነብ የማስተውለው፣ በሌላው ከመሳቁ በፊት ራሱን እንደሚያስቀድም ነው። በራሱ የጀመረ ሰው በሌላው ላይ ሲመጣ እጁ ይለዝባል።

ወግህ ውስጥ ያሉት የሽንኩርት ሻጯ እናት ነገር ነው የቀረኝ። የመቶ ብሩን መልስ ሲቆጥሩ ሦስት ጊዜ መሳሳታቸውን ጽፈሃል፤ ሦስቱንም ጊዜ እንድንስቅ አድርገሃል። ሲሳሳቱ አንተ ምን ታደርግ እንደነበር ግን አልጻፍክም። አየሃቸው፣ ቆምክ፣ አልረዳሃቸውም። ወጉ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ፤ በሚመጣው የገበያ ቀን ይዘኸው ና። ወደ እኔ ከመሳፈርህ በፊት ግን በእሳቸው መደብ በኩል እለፍ። አጠገባቸው ቁጭ በልና ያችን ገጽ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው። ሽንኩርቱን መደርደር ትተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሰሙህ፣ ገጿን አትንካት። አቀርቅረው መደርደራቸውን ከቀጠሉ ግን ደብተሩን እጠፈውና መልሱን አብረሃቸው ቁጠር።