መቅጠርና መቀጣጠር

አማርኛ ቀልደኛ ቋንቋ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሲያስገባ «ቀጠረ» ይባላል። አንድ ጎረምሳ አንዲትን ልጅ «ቅዳሜ በ9 ሰዓት እንገናኝ» ሲላትም ያው «ቀጠራት» ነው። በመጀመሪያው ቅጥር ደመወዙንም፣ ሰዓቱንም፣ የሥራ ቦታውንም የሚወስነው ቀጣሪው መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። በሁለተኛውስ? እዚህ ላይ ቋንቋችን ሌላ በር ከፍቶልናል፤ «ተቀጣጠሩ» ማለትም ይቻላል። በ«ቀጠራት» እና በ«ተቀጣጠሩ» መካከል ያለው ልዩነት በሰዋስው መጽሐፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ በኑሮ ውስጥ ግን ሰፊ ነው። ይህን ስፋት ለማየት ደግሞ ከሐይቅ ዳር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ቀጠሮ ሲነሣ የከተሜ ሐሳብ ወደ ውኃ ይሮጣል። ሐዋሳዎች የሐይቃቸውን አንዱን ዳርቻ «ፍቅር ሐይቅ» ብለው ስም አውጥተውለታል። የባሕር ዳር ልጅ ጣና አለው። ምስኪኑ አዲስ አበቤ ነው። ከተማው የተቆረቆረው በፍልውኃ ምክንያት ቢሆንም ዓይን የሚያሳርፍ የተፈጥሮ ሐይቅ አልታደለም። «ቀበና ወንዝ ዳር ልቅጠርሽ» የሚል ሰው ቢገኝ ደግሞ አንድም ቀልደኛ ነው፣ አንድም አፍንጫው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አምጥቶልናል፤ ግን ውኃ የጠማው ልብ ሰው በሠራው አይረካም መሰለኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው መኪና አሁንም ብዙ ነው።

ውኃ ለምን ተመረጠ? ውበቱ ብቻ አይደለም። ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ልክ መርማሪና ተመርማሪ። ጨዋታ ሲቋረጥ የሚታየው የባልንጀራ ፊትና የማኪያቶ ስኒ ብቻ ነው፤ ስኒው ሲያልቅ ማንኪያውን ማዞር ይጀመራል። ሐይቅ ዳር ግን ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ነገር ማየት ይቻላል። ዝምታው አያሳፍርም፤ ውኃ እያዩ ዝም ማለት እንደ መነጋገር ይቆጠራል። ለዓይን አፋር ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

አንዳንዶች በዚህ ይነቅፋሉ። ሐይቁን ያልፈጠረው ሰው በሐይቁ ውበት መወደድን መፈለጉ በተውሶ ልብስ ከመሞሸር አይለይም ይላሉ። ልጅቷ የወደደችው እሱን ይሁን የጀንበሯን መጥለቅ በምን ታውቃለች? ክሱ ከባድ ቢመስልም እኔን አያሳምነኝም። ሁላችንም ለመጀመሪያ ቀን የታጠበ ሸሚዝ እንለብሳለን፤ ሽቶም እንቀባለን። ይህን ማታለል ነው የሚል ካለ ሠርጎች ሁሉ ይፍረሱ። ውበት መዋስ ነውር አይደለም። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም መውጫው ላይ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ሰውየው በመኪናው ወደ ቢሾፍቱ ወሰዳት። የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ እንደሚያውቀው፣ ሆራም ሆነ ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ የነበሩ ጎድጓዶች ናቸው፤ ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ውኃውን ማየት ልብ ይሰርቃል። ዳርቻቸው ግን በአብዛኛው በሆቴልና በመዝናኛ ግቢ ታጥሯል። (ቅጥር ማለት አጥርም እንደሆነ አትርሱ።) ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ያለው ርቀት ለባለመኪና ሁለት ደቂቃ ነው፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ላደረገች ሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ምሳው ቀርቦ ገና ሳይጋመስ ሰውየው እንደማይሆናት ገባት። ክፉ ነገር አልተናገራትም፣ እጁንም አልዘረጋም። ብቻ አልሆናትም። ያም ሆኖ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ቀልዱን ሁሉ ሳቀችለት። ለምን ብዬ ስጠይቃት ያለችኝ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ «ሳቄ የመመለሻ ትራንስፖርት ሒሳብ ነበር» አለችኝ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ለእሷ ያዝናል፤ ማዘንም ይገባል። እኔ ግን ስለ ሰውየውም ሳስብ ቆይቻለሁ። ያ ሰው የዚያን ቀን ማታ ወደ ቤቱ የገባው በደስታ ነው። አራት ሰዓት አብራው ተቀምጣለች፤ ስቃለች፤ ታዲያ ምን ጎደለ? እውነቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ መንገዱን የዘጋው ደግሞ ራሱ ነው። መኪናው የእሱ፣ ሒሳቡ የእሱ፣ የመመለሻው ሰዓት የእሱ። መሄድ የማትችል ሴት መቀመጧ ምን ይነግረዋል? ቦታውን እንዲህ አድርጎ የመረጠ ሰው ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም አታሏል።

የሚገርመው፣ ስለ ፍቅር ከተጻፉት የጥንት ድርሰቶች አንዱ የሚካሄደው ውኃ ዳር ነው። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስንና ወጣቱን ፋይድሮስን ከአቴና ቅጥር አስወጥቶ ኢሊሶስ ከተባለው ወንዝ ዳር ያስቀምጣቸዋል። ወደ ወንዙ እንታጠፍ ያለው ሶቅራጥስ ነው፤ ጥላ ያለውን ረጅም ዛፍ ያሳየው ፋይድሮስ ነው። በእኛ ቋንቋ ተቀጣጠሩ ማለት ነው። ከዚያ ፋይድሮስ ሶቅራጥስን ንግግር ለማስደረግ ሲሟገት አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል፦ ቦታው ጭር ያለ እንደሆነ፣ እሱም ወጣትና ብርቱ እንደሆነ ያስታውሰዋል። በሁለት ወንዳ ወንድ ወዳጆች መካከል ስለሆነ ያስቃል። ይህንኑ ቃል አንድ ወንድ ጭር ባለ ሐይቅ ዳር ለአንዲት ሴት ቢናገረው ማን ይስቃል? ብዙ ጊዜ ደግሞ መናገር አያስፈልገውም፤ ቦታው ራሱ ይናገርለታል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሶቅራጥስ በጨዋታው መሐል ወንዙን ተሻግሬ ልሂድ ብሎ ይነሣል። ወንዙ በባዶ እግር የሚሻገሩት ትንሽ ውኃ ነው፤ መሄድ ይችላል። ፋይድሮስ ይለምነዋል፤ የሶቅራጥስም የውስጥ ድምፅ ይከለክለውና ይቀራል። ስለ ፍቅር የሚናገረው ታላቁ ንግግር የሚመጣውም መሄድ እየቻለ ከቀረ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ደውሎ «እስቲ ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚሆን ጥሩ ቦታ ንገሪኝ» ሲለኝ ይህ ሁሉ በሐሳቤ ነበር። እሱ ያሰበው ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ሊያሳያት ነው። ጀልባ! ሰው በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ የማይሄድበት ቦታ ቢኖር ጀልባ ነው። (ጣና ላይ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፣ ጋባዡ ገዳሙን ሲጎበኝ ተጋባዧ ጀልባዋ ውስጥ ልትቀር ነው።) አሞራ ገደል ውሰዳት አልኩት። ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ የዓሣ ሽታ አለ፣ ጫጫታ አለ፣ ራሰ በራው አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ሊቀማ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቆሞ ይጠብቃል። ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ማንም ሮማንቲክ አይለውም። ነገር ግን የተጠበሰውን ዓሣ ሂሳብ ሁለቱም ሊከፍሉት ይችላሉ፤ በር ላይ ባጃጅ አለ፤ እሷ «ቸኩያለሁ» ካለች ቸኩላለች፣ አለቀ። በዚህ ላይ ደግሞ ያ አስቀያሚ ወፍ ብዙ ያስወራል።

አንድ ጥያቄ ግን መለሰልኝ፤ መልስ ያጣሁበትም እሱ ነው። «ሰው ቢያያትስ?» አለኝ። ሐዋሳ ሰፊ ከተማ ብትመስልም በሐይቁ ዳር የሚመላለሰው ሰው የአንዷ ጎረቤት፣ የአንዷ የንስሐ አባት፣ የአንዷ መምህር ነው። ወንድ ከሴት ጋር ቢታይ «ጎበዝ» ይባላል፤ እሷ ከወንድ ጋር ብትታይ ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ራሳቸው ጥግ ይመርጣሉ። ከሐሜት የሚሰውራት ቁጥቋጦ ያው ከምስክር የሚሰውረው ቁጥቋጦ መሆኑ የእኛ ከተሞች ክፉ ዕንቆቅልሽ ነው። «ብርሃን ባለበት ተገናኙ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ የብርሃኑን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሰባኪው አይደለም። ሰው ያለበት፣ የሚያውቃት ሰው ግን የሌለበት ቦታ ቢገኝ መልካም ነበር፤ በትንሽ ከተማ ይህ የሚገኘው በዕድል ነው።

ከሁለቱ አደጋዎች የትኛውን እንደምትመርጥ ልንገምትላት እንችላለን፤ መብት ግን የለንም። ሐሜቱ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው፤ ጭርታውም እንዲሁ። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ «ለምን ራሷን አትጠይቃትም?» አልኩት። ዝም አለ። እኔ የምለውን ቦታ ሁሉ ሊጽፍ ተዘጋጅቶ ሳለ ይህ አንዱ አልታሰበውም ነበር። «ወንድ ልጅ ጠይቆ ይጋብዛል እንጂ የት እንጋበዝ ብሎ ይጠይቃል እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ። ብዙ ወንዶች እንዲህ ያስባሉ፤ ቦታ አለማወቅ እንደ ድክመት ይቆጠራል። እኔ ግን ከተጋበዝኩባቸው ቀጠሮዎች ሁሉ «አንቺ የት ደስ ይልሻል?» ያለኝን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ የተቀመጥንበትን ወንበር ረስቼዋለሁ።

ደውሎ ጠየቃት። ፍቅር ሐይቅ ይሁን፣ ግን እኔም ጓደኛዬን ይዤ ልምጣ አለችው። ቅር ብሎት ነገረኝ፤ እኔ ግን ብልህ ልጅ ናት አልኩት። የቀረው የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። እሱ የፈለገው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሐዋሳ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጀንበር የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው፣ ያንን ሊያሳያት አምሮታል። በእኛ አገር ግን ጀንበር ስትጠልቅ ምሽቱ ወዲያው ዱብ ይላል፤ ልጅቷም ቤቷ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። 9 ሰዓት ይሁን፣ ጀንበሯን ለሁለተኛው ቀን አቆያት አልኩት።