የጦርነት መጽሐፍ ለተማሪ ምን ያስተምረዋል?

ታሪክ ጸሐፊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱትን በሚሊዮን ቈጥሮ ይነግራል፤ ተማሪም ቍጥሩን ያጠናል እንጂ አያዝንም። ጀርመናዊው ኤሪክ ማርያ ሬማርክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» በተባለው ልብ ወለድ ግን፥ ፓውል የሚባል ወጣት ወታደር በጕድጓድ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ በጩቤ ወግቶ፥ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ከአጠገቡ ይቈያል፤ ኋላም በሟቹ ኪስ የሚስቱንና የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ያገኛል። በቅኔ ቤት ቋንቋ፥ ጠላት የሚለው ስም ሰም ነው፤ ወርቁ የሕፃኒቱ አባት ነው።

እንዲህ ያለው ንባብ ወጣቱን ፈሪ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። እኔስ ይልቁን መምህሩን የሚያስፈራ ይመስለኛል፤ ፓውልንና ጓደኞቹን ዝመቱ ብሎ የገፋፋቸው የገዛ መምህራቸው ነውና። በ1933 በበርሊን አደባባይ ይህን መጽሐፍ ወደ እሳት ከጣሉትም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ እነርሱንስ ማን አስተማራቸው?