ማንም ሊያየው ይችላል

አምና የመስቀል ሰሞን አገና ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የገባው ሰው ጓዙን ፈትቶ ሳይጨርስ እድሩ ስብሰባ ጠራ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲፈለግ የማይገኝ ባለዕዳ በመስቀል ይገኛል።

በዚያ ስብሰባ ላይ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ብድግ አለ። ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ የጨረሰ፣ ሥራ እየፈለገ ያለ ልጅ ነው። ለእድሮች መዝገብ መያዣ የሚሆን ፕሮግራም ከሠራ ዓመት አልፎታል።

«ጋሼ፣» አላቸው የእድሩን ዳኛ፣ «ከእንግዲህ በደብተር መድከም ይቅርብዎ። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አምስት ሳንቲም አልጠይቅበትም። ደግሞም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው ይችላል።»

«ማንም?»

«አዎን ጋሼ፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ።»

«የእኛን ደብተር? የዓለም ሕዝብ ሁሉ?»

ሰው ሳቀ። ልጁም ሳቀና ለማስረዳት ሞከረ፤ ክፍት የሆነው ደብተሩ ሳይሆን ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ነው አለ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እሺ፣ ያንተ ጽሑፍ ክፍት ይሁን። የእኛስ ስም የት ነው የሚቀመጠው? ማን ነው የሚያየው? ይህን ጽፈህ አምጣልን፤ እድር በቃል አይሠራም» ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

እኔም በዚያን ጊዜ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ያስታወቀው ነው። ፕሮግራም የያዘ ሰው ሁሉ አራት መብት ይኑረው ይላል፤ ለፈለገው ሥራ የመጠቀም፣ እንዴት እንደሚሠራ የመመርመር፣ ለሌላ የማካፈል፣ አሻሽሎም የማሰራጨት። ባለሙያ ሴት ወጧን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ለጎረቤት እንደምታስተምር ማለት ነው። ከዚህ ሐሳብ ትልልቅ ነገሮች ተወልደዋል። ዛሬ አብዛኛው ኢንተርኔት የሚንቀሳቀሰው በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ነው፤ ከሠሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአክስቴ ልጅ የዚህ ማኅበር አባል ነኝ ብሎ ያምናል፤ ልክም ነው።

ነገር ግን አራቱን መብቶች ደግመን እንያቸው። ሁሉም ስለ ፕሮግራሙ ናቸው። ፕሮግራሙ ስለሚነካው ሰው፣ በውስጡ ስለሚጻፈው ስም፣ ዕዳና ሕመም አንድ ቃል አይናገሩም። ፈቃዱ ስለ ኮዱ ነው፤ ስለ ደብተሩ አይደለም። የእድሩ ዳኛ በሁለት ጥያቄ የደረሱበት ክፍተት ይህ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ልጁ የታዘዘውን ሊጽፍ ተቀመጠ። ፈረንጆቹ «ፕራይቬሲ ፖሊሲ» ይሉታል፤ እኛ የመረጃ አያያዝ ደንብ እንበለው። ምን እወስዳለሁ፣ ለምን እወስዳለሁ፣ የት አኖረዋለሁ፣ ለማን አሳያለሁ፣ መቼ አጠፋዋለሁ የሚል ወረቀት ነው። አማርኛውን እንዳቃናለት እኔን ጠራኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ይህ ፕሮግራም ምንም ዓይነት መረጃ ወደ ውጭ አይልክም» የሚል ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። እንዲያው የጋዜጠኛ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አልነበረም።

«እኔ አይደለሁ የሠራሁት!» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጽፍም፤ ሌሎች ከጻፉት ይዋሳል። ይህ በሙያው የተለመደ፣ የሚመሰገንም ነገር ነው። ልጁም ከተዋሳቸው አንዱ ፕሮግራሙ በድንገት ሲቆም «እዚህ ቦታ ተሰናክያለሁ» ብሎ ለሠሪው የሚያሳውቅ ቁራጭ ነበር። መልካም አገልግሎት ነው፤ ስህተት ካልታወቀ አይታረምም። ታዲያ ያ ቁራጭ የተሰናከለበትን መስመር ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ገጹ ላይ ያለውንም ይዞ ይሄድ ኖሯል። መጀመሪያ ወደ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ወደ ልጁ መዝገብ። ፕሮግራሙን በነፃ ስላሰራጨው እሱ የማያውቃቸው እድሮች ወስደው ይጠቀሙበታል። የእነሱም እንዲሁ እየተጠራቀመ ነበር። ልጁ መልእክቶቹን ሲያገኝ የሚያየው የተሰናከለውን መስመር ብቻ ስለነበረ ከሥር ያለውን ከፍቶ አያውቅም።

ያን ማታ ከፈተው። አብረን አየነው። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ያልተከፈለ ወር፣ ከለቅሶ የቀረ ሰው፣ የተቀጣ ሰው። አንዱ መስመር ላይ የአንዲት ሴት ስም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የእድር ስም፣ ከመዋጮ የታለፈችበት ምክንያትና የሕመሟ ዓይነት ተጽፏል። ሴትዮዋን አላውቃትም። ሰፈሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ከምኖርበት ቤት ሩቅ አይደለም። ለእድሯ ጸሐፊ፣ ምናልባትም አንገቷን ደፍታ የነገረችውን ነገር እኔ አገና ላይ በፋኖስ ብርሃን ተቀምጬ አነበብኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር። ካነበብኩት በኋላ ማንበብ እንዳልነበረብኝ ገባኝ፤ ግን የተነበበ ነገር መልሶ አይጠፋም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ክፉ ሰው የለም። የሰረቀ የለም፤ የሸጠ የለም። ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነበር፤ ያ የተዋሰው ቁራጭ ስሙ ተጽፎ በግልጽ ይታያል። ያየው ግን የለም። «ያልተማመነ ኮዱን ያንብብ» የሚለውን የነፃ ሶፍትዌር ወዳጆች መልስ ከዚያ ማታ በኋላ እንደቀድሞው መቀበል አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ጉድ ሲወጣ የሆነው ምን ነበር? የዓለም ሕዝብ የይለፍ ቃሉን የሚያምንበት «ኦፕንኤስኤስኤል» የተባለ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ቀዳዳ ተገኘ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር። ማንም ማለት ግን አንዳንድ ጊዜ አንድም ሰው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ያላነበቡትን የእድር ጸሐፊ ያንብብ ማለት ፌዝ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጀፎረው ላይ ስንሄድ ስለዚሁ እናወራ ነበር። ጀፎረን ለማያውቅ፣ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፈው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ አውራ መንገድ ነው። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሠርግ ይሠረግበታል፣ ለቅሶ ይለቀስበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል፣ ከብት ይውልበታል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ። ታዲያ የጋራ ስለሆነ ደንብ የለውም ማለት አይደለም፤ ይልቅስ የጋራ ስለሆነ ነው ደንብ ያለው። አንድ ክንድ ገፍቶ አጥር ያጠረበትን ሰው ሽማግሌ ይጠይቀዋል። ከቤቶቹ ጀርባ ደግሞ የእንሰቱ ጓሮ አለ። በጀፎረ ማንም ያልፋል፤ በጓሮ ግን ማንም ዘው አይልም።

የአክስቴ ልጅ ስህተት፣ በእኔ አስተያየት፣ የራሱን ደጅ ጀፎረ ሲያደርግ የሰዎቹንም ጓሮ አብሮ መክፈቱ ነው። ሳያውቅ ነው። ያወቀው ደግሞ ደንቡን ለመጻፍ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የመረጃ አያያዝ ደንብ ዋናው ጥቅሙ ለአንባቢው ነው ብዬ አላምንም፤ አብዛኛው ሰው እንደማያነበው ሁላችንም እናውቃለን። ዋናው ጥቅሙ ለጸሐፊው ነው። «አልልክም» ብሎ ለመፈረም አለመላኩን ማጣራት ያስፈልጋል። ደንብ ያልጻፈ ሠሪ የራሱን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አያውቀውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«እኔ እኮ በነፃ ነው የሰጠሁት» አለኝ መንገድ ላይ። አባባሉ ውስጥ ቅሬታ ነበረበት፤ አልፈርድበትም። ደመወዝ ሳይኖረው፣ አመስጋኝ ሳይኖረው፣ በእኩለ ሌሊት የሠራው ነው። አሁን ደግሞ ወረቀት ጻፍ፣ ቃል ግባ፣ ተጠየቅ እየተባለ ነው። አብዛኞቹ የነፃ ፕሮግራም ፈቃዶች «እንዳለ ተቀበለኝ፤ ለሚደርስብህ ጉዳት ኃላፊነት የለብኝም» የሚል አንቀጽ የሚጨምሩት አለምክንያት አይደለም። እውነትም ሰጪን በዕዳ መያዝ ሰጪን ያሸሻል።

ነገር ግን በነፃ መስጠት ሌላ ነው፤ በነፃ መውሰድ ሌላ ነው። ፕሮግራሙን ሰጠ፤ ስሟን ግን ወሰደ። ለሰጠው ሊመሰገን ይገባል፤ ስለ ወሰደው ደግሞ ሊጠየቅ። እንዲያውም በገንዘብ የሚሸጥ ድርጅት ቢያንስ ውል አለው፣ አድራሻ አለው፣ የሚከሰስበት በር አለው። በጎ ፈቃደኛው ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉን ካልጻፈው ምን ይዘን እንመነው? በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ለአገራቸው መንገድ ማሠሪያ ገንዘብ ሲያዋጡ በፈቃዳቸው ነበር፤ ፈቃድ ስለሆነ ሒሳብ አይያዝ ያለ ግን አልነበረም።

ነፃ ሶፍትዌር በዚህ ጉዳይ ሲሰናከል የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኡቡንቱ» የተባለው ነፃ ሥርዓት፣ ያውም ስሙን ከአፍሪካ የሰውነትና የወገንነት ቃል የወሰደው፣ ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ፋይል ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል የአማዞን ሸቀጥ ለማሳየት ሲል ወደ ውጭ ይልክ ጀመር። ስቶልማን ራሱ ሰላይ ብሎ ሰየመው፤ በ2016 በወጣው ዕትም ያ ነገር ተጠቃሚው ካልከፈተው በቀር የማይሠራ ሆነ። በ2021 ደግሞ ድምፅ መቅጃና ማረሚያው «ኦዳሲቲ» በአዲስ ባለቤት እጅ ገብቶ የመረጃ ደንብ ሲያወጣ ቁጣ ተነሣ፤ ሠሪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ደንቡን ደግመው ጻፉት። አንዳንዱ ከዚህ የሚማረው «ይኸው፣ ደንብ ባያወጡ ኖሮ ማን ይነካቸው ነበር» የሚለውን ነው። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ ደንቡ ስለተጻፈ ሕዝቡ የሚከራከርበት አንቀጽ አገኘ። ያልተጻፈውን ማን ያርማል?

በአንጻሩ «ዴቢያን» የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ሥርዓት የትኛው ፕሮግራም ብዙ ሰው እንዳለው ለማወቅ ሲፈልግ፣ ሲጫን «ትሳተፋለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያልመለሰ ሰው እንቢ እንዳለ ይቆጠራል። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ማንንም አላከሰረችም።

ይህ የጥቂት ወጣቶች ወግ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ እጁን ይመልከት። ብሔራዊው መታወቂያ «ፋይዳ» የተመሠረተው ሞሲፕ በተባለ፣ ህንድ አገር ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ፕሮግራም ላይ ነው። የፕሮግራሙን ኮድ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። የአሥር ጣቶቻችን አሻራና የዓይናችን ምስል ግን ኮዱ ውስጥ የለም፤ እሱን ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ኮድ ማንበብ አይመልሰውም። የሚመልሰው ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ከደብዳቤ እስከ ኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት ይጠብቃል፤ የመታወቂያው አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ወጣ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016። ሕጉ አለ እንግዲህ። ይሁን እንጂ ከአዋጅ እስከ አገና እድር ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከሉ የሚቆመው ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ናት።

ልጁ የተጠራቀመውን አጠፋ። ያንን ቁራጭ ከፕሮግራሙ አወጣ፤ ፕሮግራሙን ወስደዋል ብሎ ለሚያውቃቸው እድሮች የሆነውን ጽፎ ነገራቸው። የማያውቃቸው እንዳሉ ቀርተዋል። ደንቡንም ጨረስን፤ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። «ይህ ቃል ከእኔ እጅ ለወጣው ቅጂ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ለውጦ ላሰራጨው አልመሰክርም» የሚል መስመር የጨመረው እሱ ነው፤ ማንም ሊለውጠው ለተፈቀደ ነገር ይህ አስፈላጊ መሆኑን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን የእድሩ ጸሐፊ ለዳኛው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ደህና ነው፣» አሉ። «ሰው ከእድሩ ሲወጣስ? እኛ በቀይ እስክሪብቶ እንሰርዘው ነበር።»

«ይሰረዛል ጋሼ።»

«እኛ ስንሰርዘው ከሥሩ ይነበባል። ያንተስ?»

ልጁ ወረቀቱን ከጸሐፊው እጅ መልሶ ወሰደ።