በተራራ ላይ ድንኳን መትከል፦ ዕቅድ፣ እንግድነትና የስሜን ምድር

ነገን አስቀድሞ ማሰናዳት ከእምነት ጋር ይስማማል ወይስ ይጋጫል የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም፣ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ንግድ፣ ስለ ሀብት ማከማቸትና ስለ ዕድሜ እንጂ ስለ ጉዞና ስለ ዕረፍት አይደለም። አንድ ሰው በብሔራዊ ፓርክ፣ ማለትም መንግሥት የዱር እንስሳትንና ዕፀዋትን ለመጠበቅ በሕግ በከለለው መሬት ላይ፣ ድንኳን ተክሎ ጥቂት ሌሊቶችን ለማሳለፍ ሲያቅድ ግን ጥያቄው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጠርቶ ይታያል። ቤት የሚሠራ ሰው ለመቆየት ያቅዳል፤ ድንኳን የሚተክል ሰው ግን የሚነሣበትን ቀን ሳይቆርጥ ስለ አዳሩ አንዳች ነገር ሊወስን አይችልም፤ ስንቁ፣ የማብሰያው ነዳጅ፣ የበቅሎው ኪራይና ለፓርኩ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ የሚሰላው እስከ መጨረሻው ሌሊት ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ዕቅድ መሄድን ከመምጣት ጋር አብሮ የያዘ ዕቅድ ነው፤ ሃይማኖታዊ ዋጋውም ከዚሁ ጠባዩ ይመነጫል።

የያዕቆብ መልእክት በአራተኛው ምዕራፉ፣ ወደ አንድ ከተማ ሄደው ዓመት ተቀምጠው ነግደው እንደሚያተርፉ በእርግጠኝነት የሚናገሩ ሰዎችን ይገሥጻል፤ ቁርኣንም በአል-ከህፍ ምዕራፍ፣ የአላህን ፈቃድ ሳይጨምር ነገ ይህን አደርጋለሁ ብሎ መናገርን ይከለክላል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» እና «ኢንሻአላህ» የሚሉት አነጋገሮች በኢትዮጵያ የዕለት ንግግር ውስጥ እጅግ ሥር የሰደዱ በመሆናቸው፣ የሁለቱ መጻሕፍት ትምህርት ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይገባል። ሆኖም በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ተግሣጹ በዕቅዱ ላይ ሳይሆን በዕቅዱ የነገ ባለቤት ነኝ ባለው ልብ ላይ መሆኑን ያያል፤ ያው አዲስ ኪዳን በሉቃስ ወንጌል አሥራ አራተኛ ምዕራፍ፣ ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ይመክራልና። የፈጣሪን ፈቃድ መጥራት ለዝግጅት ምትክ በሚሆንበት ጊዜ፣ ቃሉ የእምነት መልክ ቢኖረውም ውጤቱ ሌላ ነው። ሌሊቱ ውኃን በረዶ በሚያደርግበት ከፍታ ላይ በቂ ልብስና የመኝታ ከረጢት ሳይዝ የሚወጣ ሰው ሸክሙን ያሳረፈው በፈጣሪው ላይ ሳይሆን አብሮት ተጉዞ ብርድ ልብሱን ሊያካፍለው በሚገደደው ጥበቃና በሌሊት ተነሥቶ እሳት ሊያነድለት በሚገደደው ምግብ አብሳይ ላይ ነው። ይህ ልዩነት በሥነ ምግባር ረገድ ቀላል አይደለም፤ በእግዚአብሔር መታመን የሚባለው ነገር በተግባር በድሀ ባልንጀራ ጫንቃ ላይ መውደቅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለማደር የሚያስብ ሰው ዝግጅቱን የሚያጠናቅቀው ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ነው። ክፍያው የሚፈጸመው፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ የሚገኘው በዚያ ሲሆን፣ ስካውት የሚባለው፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከእንግዳው ጋር የሚጓዝና የሚያድር የአካባቢው ተወላጅ ጥበቃም በፓርኩ ደንብ መሠረት ግዴታ ነው። የተለመደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከሳንቃበር ተነሥቶ የጅንባርን ፏፏቴ ገደል እያሳየ ወደ ግጭ፣ ከግጭም በእሜት ጎጎ አፋፍ በኩል ወደ ጨነቅ ይዘልቃል፤ ግጭና ጨነቅ ሁለቱም 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ እስኪለምድ ድረስ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ስለሚችል፣ ብልህ ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን ረጅም መንገድ አይመድብም። ክረምቱ ዝናብና ጉም ነው፤ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ብሩህ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ በብርዱ ምክንያት አዝግሞ የሚያድግ በመሆኑና ለአንድ ምሽት እሳት የሚቆረጠው ግንድ የብዙ ዓመት ዕድገት ስለሆነ፣ ማገዶን ከፓርኩ ውስጥ ከመልቀም ይልቅ ነጭ ጋዝና ምድጃ ይዞ መውጣት የዝግጅቱ አካል ነው።

ይህን ሁሉ የሚዘረዝር ሰው ሳያስበው የሚጽፈው የጥገኝነቱን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ነገር በስተኋላው አንድ ሰው ወይም አንድ ፍጥረት አለው፤ ከድንኳኑ ስር የበቅሎዋ ጀርባ፣ ከእራቱ ስር የአብሳዩ እጅ፣ ከዕንቅልፉ ስር የስካውቱ ንቃት ይገኛል። በከተማ ቤቱ ውኃና መብራት በግድግዳ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚመጡለት ራሱን የቻለ መስሎት የሚኖር ሰው፣ ጥቂት ሌሊቶችን ለማሰናዳት ሲቀመጥ ራሱን አለመቻሉን በስም በስም እየጠራ እንዲጽፍ ይገደዳል። ትሕትና የሚባለው መንፈሳዊ ጠባይ በዋነኛነት ስሜት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከስሜት በፊት እውቀት ነው፣ ሰው ሕይወቱ በማን እጅ እንደምትያዝ ማወቅ ነው፤ ዝግጅትም በአግባቡ ሲደረግ ይህን እውቀት ይሰጣል።

የብሉይ ኪዳን ሕግ ይህንኑ እውቀት በየዓመቱ እንዲታደስ ያዘዘበት ሥርዓት የዳስ በዓል ነው፤ እስራኤል ቤት ሠርተው፣ ወይን ተክለው፣ አዝመራቸውን ካስገቡ በኋላ ሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ እንዲቀመጡ፣ ይኸውም አባቶቻቸው ከግብፅ ወጥተው በበረሃ በዳስ እንደኖሩ ትውልዱ እንዳይረሳ ተብሎ ታዘዘ። በስሜንና በአካባቢው ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም በዓለ መጸለት በሚል ስም ይህን በዓል ያከብሩ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ትእዛዙ በድሎት ጊዜ መሰጠቱ ነው፤ ቤት የሌለው ሰው እንግድነቱን እንዲያስታውስ መታዘዝ አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ጎተራው የሞላው ሰው ነው። አብርሃምም በዕብራውያን መልእክት የሚመሰገነው ሀብታም ሳለ በተስፋው ምድር እንደ መጻተኛ በድንኳን በመኖሩ ነው። ከስሜን ተራሮች በስተሰሜን በቆላው የሚገኘው የዋልድባ ገዳም መነኮሳት ደግሞ እህል በማይበላበት ሥርዓታቸው ይህን ሐሳብ ወደ መጨረሻው ዳር አድርሰውታል፤ ዓለምን ለሰባት ቀን ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ትተዋልና። ለጥቂት ሌሊት ድንኳን የሚተክል ሰው ራሱን ከባሕታዊ ጋር ሊያስተካክል አይገባውም፤ ዕረፍት ፍለጋ እንጂ ሞተ ዓለም ፍለጋ አልወጣም። ቢሆንም የዳሱ በዓል እንደሚያሳየው ሙሉ ምናኔ ብቻ ሳይሆን የተቈጠሩ ቀናት እንግድነትም በሕጉ ዘንድ ቦታ አለው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የደብረ ታቦር ታሪክ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ 13 የምታከብረው፣ ሕዝቡም ቡሄ ብሎ በችቦና በሙልሙል የሚቀበለው በዓል መነሻው ይህ ነው። ጌታ በተራራው ላይ ክብሩን በገለጠ ጊዜ ጴጥሮስ በዚያ መኖር መልካም መሆኑን ተናግሮ ሦስት ዳሶች እንዲሠሩ ጠየቀ፤ አንዱን ለጌታ፣ አንዱን ለሙሴ፣ አንዱን ለኤልያስ። ማርቆስ ወንጌላዊ ጴጥሮስ በፍርሃት ውስጥ ስለ ነበር የሚለውን እንዳላወቀ ይመሰክራል። ስሕተቱ ምን ነበር? ዳስ መሥራቱ እንዳልሆነ ከላይ የተባለው በዓል ያስረዳል፤ ለራሱ ዳስ አለመጠየቁም ልቡ ከስስት የራቀ እንደ ነበር ያሳያል። ስሕተቱ ያለ መውረጃ መውጣትን ማቀዱ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ በተራራው ግርጌ ልጁ በክፉ መንፈስ የሚሠቃይበት አባት እየጠበቀ ነበርና። ተራራው የታየው ለሚወርዱ ሰዎች ነው። በእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ከስሩ የተዘረጋውን የቆላ ሸለቆ የሚያይ ሰው በዚያ ለመቅረት ቢመኝ ምኞቱ የጴጥሮስ ምኞት ነው፣ ሊያሳፍረውም አይገባም፤ ነገር ግን የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ የጻፈበት ወረቀት በዚያች ሰዓት ከምኞቱ ይልቅ እውነተኛ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቢቀር ጎደሎ ይሆናል፦ እንግዳው የማን እንግዳ ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር ምድር ሕግ፣ የዱር ምድርን ሰው በጎብኚነት የሚገባበት እንጂ የማይቀርበት ስፍራ አድርጎ ይተረጉመዋል። ሐሳቡ በመጀመሪያ እይታ ከመጽሐፍ ቅዱሱ የመጻተኝነት ትምህርት ጋር የሚገጥም ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ልጅ ሁሉ በዚያ ምድር ጎብኚ ብቻ ነው ሲባል፣ በዚያው ምድር የተወለደና ያረሰ ሰው ምን ሊባል ነው? በስሜን ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አልነበረም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የማይገኘው የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ እምብርት በምትገኘው በግጭ መንደር ገብስ ሲያርሱና ከብት ሲያረቡ የኖሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተወስደዋል። ጊዮም ብላን የተባለው ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ ያው ዩኔስኮ በፈረንሳይ የሴቬን ተራሮችን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመዘግብ የእረኞቹንና የገበሬዎቹን ኑሮ ራሱን እንደ ቅርስ ቈጥሮ አመስግኗል። በአንዱ አገር በግ የሚያሰማራ ሰው የምድሩ ጌጥ፣ በሌላው ደግሞ የምድሩ ጠላት ሆኖ መታየቱ ሚዛኑ አንድ እንዳልነበረ ያሳያል።

በሌላው ወገን ያለውን እውነት መካድ አይገባም። ቁልቁለት ላይ የሚታረስ መሬት አፈሩ ይሸረሸራል፤ ዋልያ ቢጠፋ የሚጠፋው ከስሜን ብቻ ሳይሆን ከፍጥረት ሁሉ ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች አነጋገር እንስሳ ከሰው በልጦ ታየ ቢባልም፣ ፍጥረትን የመጠበቅ ኃላፊነት ለሰው የተሰጠው ከኤደን ጀምሮ ነው። ሆኖም ዘሌዋውያን በሃያ አምስተኛው ምዕራፍ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለ ሆነች ለዘለዓለም እንዳትሸጥ፣ ሰዎችም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ሲናገር፣ ቃሉ የተሰጠው የደሀውን ርስት ለመመለስ በተደነገገው የኢዮቤልዩ ሕግ ውስጥ ነው። ይህ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። የሰው ልጅ በምድር ላይ እንግዳ ነው የሚለው ትምህርት ደሀውን ከርስቱ ለመንቀል የተሰጠ ምክንያት ሳይሆን ወደ ርስቱ ለመመለስ የተሰጠ ምክንያት ነው። ንጉሥ አክዓብም የናቡቴን የወይን ቦታ ሲመኝ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ፣ መጽሐፉም እምቢታውን አልነቀፈበትም። ለተነሡ ሰዎች የሚከፈል ካሳ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ካሳ ለመሬቱ የሚከፈል እንጂ በመሬቱ ላይ ለተቀበሩ አባቶች የሚከፈል አይደለም።

ስለዚህ በግጭ ሰፈር ድንኳን የሚተክል እንግዳ፣ የምድሩ ጸጥታ በከፊል የተፈጥሮ ሥራ፣ በከፊል ደግሞ የውሳኔ ውጤት መሆኑን ሳያውቅ ዕቅዱን ጨርሻለሁ ሊል አይገባውም። ይህን ማወቅ ጉዞውን አይከለክልበትም፤ እንዲያውም የእንግድነትን ሕግ ወደ ሥራ ያወርድለታል። በእስልምና ትውፊት የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ የሚያልፈው ምጽዋት ነው መባሉ፣ መስተንግዶ ከሚቀበለው ይልቅ የሚሰጠው ሰው ሸክም እንዲታሰብ ያደርጋል፤ ከግጭ ከተነሡት ብዙዎቹ ሙስሊሞች መሆናቸው ለዚህ ትውፊት ልዩ ክብደት ይሰጠዋል። ዕቃን ሁሉ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ጭኖ መጥቶ ለአካባቢው ቆሻሻ ብቻ ትቶ የሚሄድ ዕቅድ፣ ስሌቱ ቢሠምርም፣ እንግድነትን አያውቅም፤ ጤፉንና ሽሮውን ከደባርቅ ገበያ የሚገዛ፣ ለበቅሎ ነጂው የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል፣ የሚያድርባቸውን ሌሊቶች ብዛት ከመወሰኑ በፊት ስለ ምድሩ ታሪክ ከነዋሪው የሚጠይቅ ሰው ግን አስተናጋጆቹን በዕቅዱ ውስጥ አስገብቷል። ከደባርቅ ጀምሮ በቅሎዋን እየነዳ የሚያጅበው ሰው በዚያ ሰፈር ገብስ ያጨደ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ በተራራው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድረው እንግዳ በሕግ ጎብኚ የተባለውን የቤቱን ባለቤት ተከትሎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ፈቃድ ሊጠይቅ የሚገባውም ከጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱም ነው።