ሲሮጡ የታጠቁት

ልጆቼ፣ ወደ ማታ እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣ ስል በሐሳብ ተውጣችሁ አያችኋለሁ። አንዱ የተመደበበትን የትምህርት ክፍል ሊተው ያስባል፤ አንዷ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራዋ ልትወጣ ታመነታለች፤ ሌላው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ገንዘብ ያጠራቅማል። የምታወጡት የምታወርዱት ይገባኛል።

እኔም በወጣትነቴ ከአለቃዬ ጋር ተጋጨሁና በዚያው ቀን መልቀቂያዬን ጽፌ አስገባሁ። ማንንም አላማከርሁም። በሳምንቱ ንዴቴ ሲበርድ ሥራዬን ምን ያህል እወደው እንደነበር ገባኝ። ግን “ምን ይሉኛል” ብዬ ተመልሼ ለመጠየቅ አፈርሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ከመልቀቄ ይልቅ የጎዳኝ ማፈሬ ነው። ንዴቱ አንድ ቀን ወሰደብኝ፤ እፍረቱ ግን ዓመታት በላ።

እዚሁ ሐይቃችን ዳር ሪዞርት የሠራው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሞት ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋረጠ። ሕመሙ ሳይለቀው፣ እንባ እየተናነቀው፣ ሩጫ በቃኝ አለ። ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ግን ውሳኔውን ሻረ። ዓለም የሰማውን ቃል ማጠፍ ቀላል አይደለም፤ እሱ ግን አላፈረም። በሚያዝያ ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ከውድድር የተሰናበተው ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም. ማንቸስተር ላይ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚባለው እንዲህ ላለ የችኮላ ውሳኔ ነው።

ያው ኃይሌ በ2000 ዓ.ም. ሌላ ከባድ ውሳኔ ወስኖ ነበር። የቤጂንግ አየር አስሙን እንዳያባብስበት ሰግቶ የኦሎምፒክ ማራቶኑን ተወ፤ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። መተዉ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብለን ልንከራከር እንችላለን። እሱ ግን በጸጸት አልተቀመጠም። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ፤ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በራስ መተማመን ማለት አለመሳሳት እንዳይመስላችሁ። ብሳሳት እመለሳለሁ፣ እንደገናም እጀምራለሁ ብሎ ማወቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለመወሰን አይፈራም።

የሲዳማ አባቶች ለነገር ሲቀመጡ “አፊኒ?” ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ ማለታቸው ነው። ነገሩ ሳይሰማና ሳይጣራ ፍርድ የለም። እናንተም በራሳችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙ። ትምህርቱን ልትተዉ ከሆነ፣ ልትገቡበት ያሰባችሁትን የሚማር ሰው ጠይቁ። ልትሰደዱ ከሆነ፣ ደርሶ የተመለሰውን አነጋግሩ፤ የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን የከሰረውንም። ምን እንደምታገኙ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምትከፍሉ ቁጠሩ። ከሰማችሁ በኋላ ግን ወስኑ፤ ምክር የሰው ነው፣ ኑሮው የእናንተ ነው።

ዛሬ አንጀታችሁን ያሳረረ ነገር ካለ አሳድሩት። ቀድሞ ተሳስታችሁ የዘጋችሁት በር ካለ ደግሞ፣ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ አንኳኩ። እኔ ሳላንኳኳ ቀረሁ፤ እናንተ አትቅሩ።